ነገርን ከሥሩ፣ መብራትን ከምንጩ

ልጄ፣ የእናትሽን የጫጩት ማስፈልፈያ በገዛ እጅሽ ልትሠሪ መነሳትሽ ደስ ብሎኛል። የላክሽልኝንም ሥዕል ደጋግሜ አየሁት። ሙቀትና እርጥበት የሚለካው፣ አየሩን የሚያንቀሳቅሰው፣ እንቁላሉን የሚያገላብጠው፣ ቁጥሩን የሚያሳየው እያንዳንዱ ለብቻው የሚነቀልና የሚሰካ ሞጁል ሆኖ ብሬድቦርዱ ላይ ተደርድሯል። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ሳትነኪ መለወጥ ትችያለሽ፤ የብልህ አሠራር ነው። ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ግን ብፈልግ አጣሁ። ጥግ ላይ «5 ቮልት» ብለሽ አንዲት ቀስት አስምረሽ አልፈሻል፤ ከታች ደግሞ «ጋሼ፣ የትኛውን አዳፕተር ልሰካ?» ብለሽ ጽፈሻል። አባቶች ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። አንቺ ከቅርንጫፉ ጀምረሽ ሥሩን ለመጨረሻ አቆይተሽዋል። ስለዚህ መልሴ ረዘም ይላልና ታገሽኝ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ለሙከራ ጠረጴዛ ጥሩ ምንጭ የሚባለው ኃይለኛው አይደለም፤ ነገር ሲበላሽ ከሽቦሽ፣ ከሞጁልሽና ከጣትሽ ቀድሞ እጁን የሚሰጠው ነው። ሰው ሁሉ አዳፕተር ሲገዛ «ይበቃዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ «ሁለቱ ሽቦዎች በስህተት ቢነካኩ ምን ያህል ይለቃል?» የሚለው ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም።

እኔ ሬዲዮ ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያኔ ከገጠር የሚመጣልኝ ሬዲዮ ሁሉ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነበር። ተራ ድንጋይ ጫፍና ጫፉ ቢነካካ ይሞቃል፣ ይደክማል፣ ያበቃል። ባለቤቱ የሚከስረው የድንጋዩን ዋጋ ነው። ዛሬ እናንተ እጅ የገባው ግን ሌላ ነው፤ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሊቲየም ባትሪ፣ ከሶላር ጋር የመጣ 12 ቮልት ባትሪ፣ ከግድግዳው የሚወጣ 220። እነዚህ ቶሎ አይደክሙም። ሽቦውን አቅልጠው፣ ጠረጴዛውን አንድደው፣ ገና ጉልበት ይተርፋቸዋል።

«ቤታችን ብሬከር አለ» ብለሽም አትዘናጊ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ይሆናል። ብሬከሩ ይህን ተሸክሞ እንዳይወርድ ተብሎ የተመረጠ ነው። ብሬድቦርድሽ በ5 ቮልት 3 አምፔር እየጨሰ ቢሆን የሚበላው 15 ዋት ብቻ ነው፤ ለብሬከሩ ይህ አንዲት አምፖል እንደማብራት ነው፤ ወሬውም አይደርሰው። ብሬከር የሚጠብቀው በግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። አንቺን የሚጠብቅ ሌላ ነገር ራስሽ ማስገባት አለብሽ።

አሁን ሰሌዳውን እንወቀው። ብሬድቦርድ ከላይ ፕላስቲክ ነው፤ ከሥሩ በየረድፉ ቀጭን የብረት መቆንጠጫ ተደርድሯል። ቀዳዳዎቹ 2.54 ሚሊ ሜትር ብቻ ይራራቃሉ። መቆንጠጫው ያለ ሥጋት የሚሸከመው 1 አምፔር ገደማ ነው፤ እሱም ጥሩ ሆኖ ከተሠራ። ርካሹና ብዙ የተሰካበት ከዚያም ያንሳል፤ ወፍራም እግር ያለው ዕቃ አንዴ ከገባበት ብረቱ ይከፈትና ቀጭኑን ሽቦ መቆንጠጥ ያቅተዋል። የላላ ቦታ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለጃምፐር ሽቦም ይሠራል፤ ተቻኩለሽ የሰካሽው ሽቦ እንቁላሉ በተቀመጠ በአሥረኛው ቀን ሌሊት ላይ ይነቀላል። አንድ ሌላ ነገርም ልብ በዪ፤ በአንዳንድ ሰሌዳ ላይ በዳርና በዳር የሚሄደው ቀይና ሰማያዊ መስመር መሃል ላይ ይቋረጣል። ቀለሙ የተቋረጠበት ቦታ ከሥር ብረቱም የተቋረጠ ነው። ብዙ ልጆች ግማሹ ሞጁል አልሠራ ሲላቸው ዕቃ ይለውጣሉ እንጂ ይህን አያዩም።

ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። 220 ቮልት ብሬድቦርድ ላይ አይወጣም። ለአንድ ደቂቃም፣ ለሙከራም፣ «እጄን አላስጠጋም» ተብሎም አይወጣም። 220 የምንለው ውጤታማ ቮልቱን (አርኤምኤስ) ነው፤ በየሰከንዱ መቶ ጊዜ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል። በ2.54 ሚሊ ሜትር ርቀት የተሠራ፣ አቧራና የሽቦ ቁራጭ የሚያጠራቅም ፕላስቲክ ለዚህ አልተፈጠረም። የሰውን ልብ ምት ለማዛባት ደግሞ የአንድ አምፔር ጥቂት መቶኛ ይበቃል፤ ሰው እንዲጠብቁ የሚሠሩት የከረንት ፍሳሽ ብሬከሮች በ30 ሚሊ አምፔር እንዲቆርጡ የሚደረገው ለዚሁ ነው። በዚያ ላይ የአንቺ ሣጥን በእርጥበት የተሞላ ነው። እናትሽ ውሃ ልትጨምርበት በረጠበ እጅ የምትከፍተው ሣጥን ነው።

ሥዕልሽ ላይ የማሞቂያው አምፖል በ220 ተሰክቶ በሪሌይ ሞጁል እንደሚበራና እንደሚጠፋ አይቻለሁ። ሪሌዩን ከብሬድቦርዱ ጎን አስቀምጠሽዋል፤ ሽቦዎቹም ተቃቅፈው ይሄዳሉ። እኔ ብሆን ይህን ሙሉ በሙሉ እሰርዘዋለሁ። አነስተኛ ሣጥን ለማሞቅ 220 አያስፈልግም። የመኪና ፍሬቻ አምፖል 12 ቮልት 21 ዋት ነው፤ ሁለት ሦስቱ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ደህና ሙቀት ይሰጣሉ፤ መለዋወጫ ሱቅ ሁሉ አለ፤ ቢነኩትም ይፋጃል እንጂ አይገድልም። ግን ሒሳቡን አስቢ። 21 ዋት በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ነው። አንዱ አምፖል ብቻ የብሬድቦርዱን አቅም አልፏል። ስለዚህ የአምፖሉ ኃይል ከአዳፕተሩ ተነስቶ በፊውዝ አልፎ፣ በብሎን በሚጠብቅ ተርሚናል ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ ወደሚሠራው ሞስፌት ሄዶ ይመለስ እንጂ ሰሌዳውን አይርገጥ። ከሰሌዳው የሚወጣው ሞስፌቱን የምታዝዝበት አንድ ቀጭን ሽቦና የጋራው ግራውንድ ብቻ ነው። በ5 ወይም በ3.3 ቮልት ሙሉ ለሙሉ የሚከፈት ዓይነት ሞስፌት ምረጪ፤ በሩ (ጌቱ) ላይም ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አኑሪ። መቆጣጠሪያው ቢነቀል አምፖሉ ጠፍቶ ይቀራል፤ በርቶ አይቀርም።

እንግዲህ ሁለት ምንጭ ይኖርሻል ማለት ነው። ለሙቀቱ ጠንካራ 12 ቮልት፣ ለአእምሮው ደካማ 5 ቮልት። ጠንካራው ሰሌዳውን አያውቀውም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከወሰድሽ ደብዳቤዬ ሥራውን ሠርቷል።

እናትሽ «የለም፣ 220 አምፖል ነው የለመድኩት» ካለች ግን ያንን ክፍል አንቺ አትሥሪው። የቤት መስመር የሚሠራ ባለሙያ በተለየ የተዘጋ ሣጥን፣ በፊውዝና በመሬት ሽቦ ይሥራው፤ ካንቺ ሰሌዳ የሚደርሰው ሁለት ሦስት የትእዛዝ ሽቦ ብቻ ይሁን።

የእጅ ባትሪውን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ግድግዳ ላይ በቀጥታ ተሰክቶ የሚሞላውን ርካሽ የእጅ ባትሪ ታውቂዋለሽ፤ መብራት በሚሄድበት አገር የሌለበት ቤት የለም። ሲበላሽ ልጆች ይፈቱትና «ትንሽ ቻርጀር አገኘሁ» ብለው ከሰሌዳቸው ጋር ያገናኙታል። የብዙዎቹ ውስጥ ትራንስፎርመር የለም። 220ውን በአንድ ካፓሲተር አዳክሞ ነው የሚያሳልፈው። በሁለቱ ጫፍ መካከል መልቲሜትር ስታደርጊ 4 ወይም 5 ቮልት ያሳይሻል፤ አንዱን ጫፍ ይዘሽ መሬት ስትረግጪ ግን የነካሽው የግድግዳውን መስመር ነው። መልቲሜትሩ አልዋሸም፤ አንቺ የጠየቅሽው ጥያቄ ነው ሌላ። የኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ያለውም ትንሽ ሰሌዳ አብዛኛው እንዲሁ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብለው ይሳቁብሽ እንጂ ከግድግዳው በትራንስፎርመር ያልተለየ ነገር ወደ ጠረጴዛሽ አይምጣ።

አሁን ወደ አዳፕተሩ። እዚህ ላይ የእኛ ተራራ ራሱ ይናገራል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በቆጂ ከዚያም ትበልጣለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህ ስስ አየር ከሯጮቹ ከእነኃይሌና ከእነደራርቱ ሳንባ ጋር የሠራውን ዓለም አይቶታል፤ ለአዳፕተር ግን ወዳጅ አይደለም። በሁለት መንገድ ይጎዳዋል። አንደኛ፣ ስስ አየር ሙቀትን አንሥቶ የሚሄደው በዝግታ ነው፤ ስለዚህ ያው አዳፕተር ያንኑ ጭነት ተሸክሞ እዚህ ይበልጥ ይሞቃል። ሁለተኛ፣ ስስ አየር ኤሌክትሪክን ይዞ የማቆም ኃይሉ ያንሳል፤ ብልጭታ በቀላሉ ይዘለዋል። የዓለም አቀፉ መስፈርት በ220ውና በ5 ቮልቱ መካከል የሚኖረውን የአየር ክፍተት የሚያሰላው እስከ 2,000 ሜትር ላለ አገር ነው። ከዚያ በላይ ክፍተቱ እንዲሰፋ ያዛል፤ በ3,000 ሜትር 1.14 እጥፍ መሆን አለበት።

ታዲያ አንዳንድ ከቻይና የሚመጣ አዳፕተር ጀርባ ላይ የተራራ ምልክትና «2000 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ታያለሽ። ከ2,000 ሜትር በታች ለሚኖር ሰው የተሠራ ነው ማለት ነው። አዳማ ላይ ሕጋዊ የሆነው ዕቃ ዴራን አልፎ ኢተያን ሲወጣ ከተጻፈለት ድንበር ወጥቷል። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና መርካቶ ሄጄ ብገዛ ይሻላል አትበዪ። በደህና የተሠራው ያን ያህል አያሳስብም፤ ለራሱ ሲሠራ ሰፋ ያለ ክፍተት ትቶለታል። አሳሳቢው ያለ ስም፣ ያለ ምልክት፣ ቀሎ ቀሎ እጅ ላይ የማይሰማው ነው። ክፍተቱን ለባሕር ዳርቻ እንኳ ያላሟላ፣ ፊውዙን ቆጥቦ የተሠራ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። እንደዚህ ያለው አዳፕተር መሃሉ ላይ ብልጭታ የተሻገረ ቀን 220ውን ሰሌዳሽ ድረስ ይዞልሽ ይመጣል። ስለዚህ 5000 ሜትር የሚል ካገኘሽ እሱን ውሰጂ፤ ካላገኘሽ ከታወቀ ስልክ ጋር የመጣ እውነተኛ ቻርጀር ፈልጊ። ጀርባው ላይ ከተጻፈው አምፔር ደግሞ እዚህ አገር ግማሹን ብቻ እመኚ።

ገዝተሽ ስትገቢም ወዲያው አትሰኪው። መጀመሪያ ባዶውን በመልቲሜትር ለኪው፤ 5 ቮልት የሚለው ከ5.25 ካለፈ መልሺው። የክብ ጫፉን ፖላሪቲ ጀርባው ላይ ካለው ሥዕል ጋር አመሳክሪ፤ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው ብለሽ አትገምቺ፤ ተገላቢጦሽ የሆነም አለ። ከዚያ 10 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር አሸክሚው። ግማሽ አምፔር ይጎትታል። ለግማሽ ሰዓት ተይው። ቮልቱ ከ4.75 ከወረደ ወይም ሣጥኑ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ለሌላ ሥራ ይሁን። ሬዚስተሩም ይፋጃልና በእጅሽ እንዳትይዥው።

ፓወር ባንክ ካለሽ ለመጀመሪያ ሙከራ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ቻርጅ ላይ ካልሆነ ከግድግዳው ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ መብራት ቢሄድም አይደነግጥም፤ ውስጡም የራሱ መከላከያ አለው። አንድ ባሕርይ ግን አለው፤ ጭነቱ በጣም ትንሽ ሲሆን «ማንም የለም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ሰሌዳሽ በየደቂቃው የሚጠፋ ከመሰለሽ ጥፋቱ ያንቺ ላይሆን ይችላል። ላፕቶፕሽን ግን ለሙከራ ምንጭነት አታቅርቢ። የድሮው ዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ብዙውም ራሱን ይጠብቃል፤ ብዙውም ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን፣ የሁለት መቶ ብር ሞጁል ስትሞክሪ ላፕቶፕ አታስይዢ። ፕሮግራም ለመጫን መሰካቱ ግድ ነው፤ ያን ጊዜ የውጭውን 5 ቮልት ንቀይ። ሁለት ምንጭ በአንድ ቀይ መስመር ላይ ከተገናኙ ከፍ ያለው ወደ ዝቅተኛው ይገፋል፤ የሚገፋው ደግሞ ወደ ላፕቶፕሽ ሊሆን ይችላል።

12 ቮልቱን ወደ 5 ለማውረድ 7805 እንዳሰብሽ አየሁ። የድሮ ወዳጄ ነው፤ አላማውም። ግን ሥራውን ተረጂ፤ ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት ለውጦ ይጥለዋል። ከ12 ወደ 5 ሲወርድ 7 ቮልት ይጥላል፤ ሰሌዳሽ ግማሽ አምፔር ቢጎትት 3.5 ዋት ሙቀት ይሆናል። ያለ ማቀዝቀዣ ብረት ለእያንዳንዱ ዋት ከ60 ዲግሪ በላይ ይጨምራል፤ 200ን ማለፉ ነው። እዚያ ሳይደርስ ራሱን ያጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ አንቺም ፕሮግራምሽ የተበላሸ መስሎሽ ሌሊቱን ኮድ ስታርሚ ታድሪያለሽ። በብሬድቦርድ ላይ የሚሰኩት ትናንሽ የ5 እና የ3.3 ቮልት ማቅረቢያዎችም ያው ጠባይ አላቸው፤ ጀርባቸው ላይ 700 ሚሊ አምፔር ቢጻፍም ያ በ6.5 ወይም በ7 ቮልት ስትመግቢያቸው ነው። በ12 ቮልት አይደለም። ሙቀት የማያበዛ ባክ ሞጁል፣ ለምሳሌ ኤልኤም2596 ያለበት፣ እዚህ የተሻለ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ከሱቅ ሲመጣ ብሎኑ የት ላይ እንደቆመ አይታወቅም፤ 9 ቮልትም 11 ቮልትም ሊያወጣ ይችላል። በመልቲሜትር 5 ላይ አቁመሽ፣ ብሎኑን በጥፍር ቀለም ጠብታ ቆልፈሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው ከሰሌዳው ጋር የሚተዋወቀው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ትናንሽ ሞጁሎችም ሲያብሩ ምንጭ ይጥላሉ። ወረቀት አውጪና ደምሪ። መቆጣጠሪያው ኢኤስፒ32 ዋይፋይ ሲከፍት ለቅጽበት ብዙ መቶ ሚሊ አምፔር ይዘርፋል፤ አምራቹ ራሱ ቢያንስ 500 ሚሊ አምፔር የሚችል ምንጭ አዘጋጁ ይላል። የአንድ 5 ቮልት ሪሌይ ጥቅልል 70 ያህል ነው። የሙቀት መለኪያው ከሁለት ሦስት አይበልጥም፤ እሱን እርሺው። እንቁላል የሚያገላብጠው ሰርቮ ግን ሲነሳና ሲታገል ከግማሽ አምፔር በላይ ይወስዳል፤ የብረት ጥርስ ያለው ትልቁ ደግሞ ሲታነቅ 2 አምፔርን ያልፋል። ሰርቮው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መቆጣጠሪያው እንደ አዲስ የሚነሳው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለሰርቮው የራሱን 5 ቮልት ከባክ ሞጁሉ በቀጥታ አምጪለት፤ ከሰሌዳው የሚጋራው ግራውንድና የትእዛዝ ሽቦ ይሁን። ሰሌዳው መግቢያ ላይ 100 ወይም 470 ማይክሮ ፋራድ፣ በየአይሲው እግር ሥር 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር አኑሪ። ትልቁን ካፓሲተር ስትሰኪ ነጩን መስመር እዪ፤ ያ ኔጋቲቩ ነው፤ ተገልብጦ ከተሰካ ሊፈነዳ ይችላል።

ሞጁል ተነቃይ በመሆኑ የሚመጣ አደጋም አለ። አንድ ቀን ተገልብጦ ይሰካል፤ በመብራት ሳይሆን በጨለማ፣ በአንቺ ሳይሆን በወንድምሽ። ይህ መምጣቱ አይቀርም ብለሽ ሥሪው። አቅጣጫውን ስቶ የማይገባ ሶኬት ግዢ፤ ካላገኘሽ አንዱን እግር ቁረጪና ተቃራኒውን ቀዳዳ ድፈኚ። በየሞጁሉ ቀይ ሽቦ ላይ አንድ ሾትኪ ዳዮድ አስገቢ፤ ጥቂት የቮልት ክፍልፋይ ይበላል፤ ይብላ። 3.3 ቮልት የሚወስደውንና 5 ቮልት የሚወስደውን በአንድ ዓይነት ሶኬት አታድርጊ። ስትሰኪና ስትነቅይ ኃይሉ ይጥፋ።

ፊውዝ። ስለሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አብዛኛው ሰው የሚያስገባው ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለሰሌዳው መግቢያ 500 ሚሊ አምፔር፣ ሒሳብሽ ካስገደደሽ 1 አምፔር፤ ከዚያ አትለፊ፤ ሰሌዳው ራሱ ከዚያ በላይ አይችልምና። ለአምፖሎቹ መስመር ደግሞ ሁለት ከሆኑ 5 አምፔር። ፊውዙ ከምንጩ አጠገብ ይቀመጥ፤ ከሞጁሉ አጠገብ ከሆነ መሃል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። ሲቃጠል በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር የሚተካ ሰው አይቻለሁ፤ እንደሱ የሚያደርግ መጀመሪያውኑ ባያስገባው ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ተጠብቄያለሁ ብሎ አይተኛም።

መብራት ሲሄድ እንዲተካ ከላፕቶፕ የወጣ ሊቲየም ባትሪ ልጠቀም ማለትሽን አልወደድኩትም። አንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ትንሽ ይመስላል፤ ጫፍና ጫፉ ሲነካካ ግን በአሥር የሚቆጠር አምፔር ይለቃል። ጃምፐር ሽቦው ይቀላል፣ ልባሱ ይነዳል። ዕድሜው ያልታወቀ፣ የተጎዳ፣ በብየዳ የሞቀ ከሆነ ደግሞ እሳቱ ከራሱ ከባትሪው ውስጥ ይነሳል፤ በቀላሉም አይጠፋም። እሳት ካየው ምን ለየው፤ አንዴ ያበጠን ባትሪ ማንም አያድነውም። መከላከያ ሰሌዳ ያለው ካልሆነ አትንኪው። የተሻለው የሶላሩ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱም ቢሆን ሲነካካ መቶዎች አምፔር ይለቃልና ፊውዙ ከባትሪው ጫፍ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይሁን፤ ቀለበትሽን አውልቀሽ ሥሪ፤ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ነውና አየር ባለበት፣ ከእንቁላሉ ሣጥን ርቆ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ኃይል የምትሰጪበትን ቀን በጠዋት አድርጊው፤ ሲመሽ የደከመ ዓይን ቀይን ጥቁር ያደርጋል። ምንም ሳይሰካ በቀዩና በሰማያዊው መስመር መካከል በመልቲሜትር ኦም ለኪ፤ ዜሮ አካባቢ ካሳየሽ ሾርት አለ፤ አግኚው። ከዚያ ባዶውን ሰሌዳ ብቻ አብሪና በአራቱም ጫፍ ቮልቱን ለኪ። ከዚያ አጥፊ፣ አንድ ሞጁል ሰኪ፣ አብሪ፣ ከረንቱን ለኪ፣ ወረቀትሽ ላይ ከገመትሽው ጋር አስተያዪ። ካልተቀራረበ ሁለተኛውን አትሰኪ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ላንቺ ይህ ተረት ብቻ አይደለም፣ 21 ቀን ጠብቀሽ የምታይው ነው። ቴክኒክና ሙያ የሚማር ጓደኛ ካለሽ ከረንት የሚወሰንበት የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ እንዲያስሞክርሽ ጠይቂ፤ 200 ሚሊ አምፔር ላይ አቁመሽው ብትሳሳቺም የሚሞት ነገር የለም።

የክረምታችንን ነገር ታውቂዋለሽ። ከጭላሎ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲያጉረመርም ከግድግዳው ንቀይ፤ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ መብረቅ በማጥፊያ አይቆምም። መብራት ሄዶ ሲመለስም እንደዚሁ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ይዋዥቃል፤ የሰፈሩ ምጣድና ፍሪጅ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ሰኪ። ዲቫይደር የምትሉትን ማከፋፈያ ደግሞ ምጣዱ ከተሰካበት ጋር አታጋሪው።

እዚሁ አሰላ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት ካዱ የእርሻ መሣሪያ የሚሞክር ክፍል ነበረው፤ ዛሬም የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል በከተማችን አለ። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የኖረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ የሙከራው ማረሻና ለገበሬ የሚሰጠው ማረሻ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው መማሪያ ነው፤ ሁለተኛው ድንጋይ ሲመታ የማይሰበር መሆን አለበት። ብሬድቦርድም መማሪያ ነው። ሞጁሎችሽ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ያለ እንቁላል በደህና ከሠሩ በኋላ በብየዳ ወደሚያዝ ሰሌዳ አዛውሪያቸው፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለው እርጥበት የብሬድቦርድን መቆንጠጫ ያዝገዋል።

እንቁላሉ ሲገባ ደግሞ ይህን ያዢ። የምትፈልጊው 37.5 ዲግሪ ነው። እንቁላል ብርድን ከሙቀት ይልቅ ይችላል፤ መብራት ሄዶ ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ብዙው ይተርፋል፤ 40 ዲግሪ ከገባ ግን በአጭር ጊዜ ያልቃል። ሞስፌት ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ ሳይሆን ተከፍቶ ነው የሚቀረው፤ ያን ጊዜ አምፖሉን ኮድሽ ሊያጠፋው አይችልም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነውና በአምፖሉ ሽቦ ላይ ከኮምፒውተር ጋር የማይነጋገር፣ 39 ዲግሪ አካባቢ ራሱ የሚቆርጥ ቴርሞስታት በተከታታይ አስገቢ። መብራት በሄደ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሽቦ ስትቀጥዪ እንዳላይሽ፤ ሣጥኑን በጋቢ ሸፍኚው፣ መተንፈሻውን ብቻ ክፍት ተዪ፣ ተኚ። ጠዋት ፊውዙን አይተሽ ትሰኪዋለሽ። የ12 ቮልቱን ቴርሞስታት ካጣሽ ላኪብኝ፤ ከአሮጌ ዕቃ መሃል አንድ ሁለት አለኝ፤ ሞክሬ እሰጥሻለሁ።